የናቡቴ ርስትና የእንግዳው ማደሪያ፡- በመዲናዪቱ ዙሪያ የወሰንና የመሬት ጥያቄ

በታላላቆቹ ሀገራት ምርጫ በቀረበ ቁጥር ሦስት ጉዳዮች ከፖለቲከኞች አፍ አይጠፉም፤ ከውጭ የሚመጣው ስደተኛ፣ የሚጠበቀው ድንበርና ከባሕር በታች የሚቆፈረው ነዳጅ። ማን ይግባ? ወሰኑ የት ላይ ይሁን? ሀብቱስ የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሩቅ ሰው ጣጣ ይመስሉን ይሆናል። ነገር ግን የሀገር ድንበር ሳንሻገር፣ ባሕርም ሳንደርስ፣ ከአዲስ አበባ ጥቂት ወጣ ብለው በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየዕለቱ ይነሣሉ። ምእመናኖቻችን ከሁለቱም ወገን ናቸውና ጉዳዩን በዝምታ ልናልፈው አይገባንም።

አንደኛው ወገን ገበሬው ነው። መዲናዪቱ በሰፋች ቁጥር በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ አርሶ አደር የአባቱን ማሳ እየለቀቀ መጥቷል። ጤፍ ያበቅል የነበረው መሬት መኖሪያ መንደርና ፋብሪካ ሆነ፤ ካሣው ባለቀ ጊዜ ደግሞ የትናንቱ ባለ ርስት የዘበኝነትና የቀን ሥራ ፈላጊ ሆኖ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። በባሕር ነዳጅ ፋንታ እዚህ የሚነሣው የውኃ ጉዳይ ነው፤ በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሳሰሉት ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ቢደነግግም፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ሕግ በ2009 ዓ.ም. ከረቂቅ ሳያልፍ ቀርቷል። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ደግሞ አይሞትም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድነት ሊያቅድ የታሰበው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ዳግም የተቀሰቀሰው ቁጣ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ዕቅዱ በጥር ወር ተሰረዘ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከእሬቻው እልቂት ማግስት በሰበታ የተነሣው የፋብሪካዎች ጢስም የዚሁ ቁጣ ምልክት ነበር።

ሁለተኛው ወገን ከሌላ አካባቢ የመጣው ነው። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ፣ የቀን ሠራተኛው ከጎጃምና ከወሎ፣ ኪራይ ያማረረው ደግሞ ከአዲስ አበባ መሐል ወጥቶ በእነዚህ ከተሞች ተጠግቷል። ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ሕግ በማያውቀው ገበያ ነው። በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ግን ነገ በጥቂት ካሣ እንዳይወሰድበት በመፍራት ዛሬ በርካሽ ይሸጣል፤ ድኻው በከተማው ዋጋ መግዛት አይችልምና በእማኝ ፊት በተጻፈ ወረቀት ይገዛል፤ የጨረቃ ቤትም ይሠራል። ሻጩ ርስቱን አጣ፤ ገዥው ሕጋዊ ባለቤትነት አላገኘም። ወሰንና አስተዳደር በተለወጠ ጊዜ ዕዳው የሚወድቀው በሁለቱ ላይ ነው።

ወሰኑ የተሠመረው ሕዝቡ ከሰፈረ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ ተስማሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ የአምልኮ ስፍራዎችም አልተረፉም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በአፈራረሱ ላይ የመብት ጥሰት መኖሩን አሳወቀ። በዚያው ዓመት በሱሉልታ በኩል በሚያልፈው የጎጃም መንገድና በደብረ ብርሃን በኩል ከአማራ ክልል የሚመጡ መንገደኞች ወደ መዲናዪቱ እንዳይገቡ በየኬላው የተመለሱባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የሀገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት እንዳለው እየደነገገ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተሳላሚ በሚመላለስበት በዚሁ መንገድ ሰው በመታወቂያው ሲመለስ ማየት የሚያሳዝን ነው።

«መጤ» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚያደርስ ቡራዩ አሳይታናለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተፈጸመው ጥቃት ብዙዎች ተገደሉ፣ በሺሕ የሚቈጠሩም ተፈናቀሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ልጆቻቸውን የቀበሩ አባቶች የሌላውን ልጅ አዳኑ። ከዚህ የበለጠ ስብከት ከየት ይመጣል?

ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለቱንም ወገን ያውቋቸዋል። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በግፍ በወሰደ ጊዜ እግዚአብሔር ዝም አላለም፤ የገበሬው እንባ የናቡቴ እንባ ነው። ጌታችንም በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ በፍርድ ቀንም እንግዳን ስለ መቀበላችን እንደሚጠይቀን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሮናል። ለናቡቴ እየተቈረቈሩ እንግዳውን ማሳደድ፣ ለእንግዳውም እያለቀሱ ናቡቴን መርሳት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሁልጊዜ ለጠብ ያገለግላል።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ግልጽ ነው፤ ልዩ ጥቅሙ በሕግ ይወሰን፣ ለገበሬው ካሣው ኑሮውን የሚያቋቁም ይሁን፣ ቤት ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው ይደመጥ፣ መጠለያም ይዘጋጅለት። እኛም ራሳችንን እንመርምር። በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሰበታ ማዶ በወሊሶ ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ ለተፈጸመው ሢመት ምክንያት ሆኖ የቀረበው በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎት ማነስ ነበር። ድርጊቱ ቀኖናን የጣሰ ነው፤ የምእመናኑ ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ቅዳሴውንና ስብከቱን በሚረዳው ቋንቋ የሚሰማ ገበሬ ቤተ ክርስቲያኑን የመጤ ቤት አይላትም። ከሩቅ የመጣው ሸማኔም ከእርሱ ጋር ከአንዱ ጽዋ ሲቀበል ማን ነባር፣ ማን መጤ መሆኑ በዚያ አይጠየቅም። ይህ ኅብረት ከቅጽሩ ውጭም እንዲኖር መትጋት የሁላችን ድርሻ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ ለተፈናቀሉት ማደሪያን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሚያስተዳድሩን አስተዋይ ልብን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።