«ሆዴ ሳይከፈት መታከም አልችልም ወይ?»



በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ነው ተባልኩ፤ የግድ ሆዴ መከፈት አለበት?» ብዙ ጊዜ የለበትም፤ በላፓሮስኮፒ ይሠራል። ግን ወሳኙ የመሳሪያው መኖር ብቻ አይደለም፤ ቶሎ መታወቁ ነው።

ከማህፀን ውጪ ከሚፈጠሩ እርግዝናዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የማህፀን ቱቦ ላይ ናቸው። እምብዛም የማያጋጥሙትም አሉ፦ ቱቦው ማህፀን ውስጥ በሚገባበት ጥግ፣ ኦቫሪ ላይ፣ የማህፀን በር ላይ፣ በድሮ ሲ-ሴክሽን ጠባሳ ላይ።

የጥጉ በተለይ አታላይ ነው። ዙሪያውን ጡንቻ ስላለ ይለጠጥለታል፤ ሕመሙ ይዘገያል። በአልትራሳውንድም ማህፀን ውስጥ ያለ ሊመስል ይችላል። ከፈነዳ ግን ትልልቅ የደም ስሮች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ደሙ ከባድ ነው።

አንዲት እናት ከአእምሮዬ አትጠፋም። የሽንት ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው፤ «ሦስት ወር ሲሞላኝ ክትትል እጀምራለሁ» ብላ ቤቷ ተቀመጠች። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ግፊቷ ወርዷል። ባለቤቷ «ላፓሮስኮፒ ያለበት እንውሰዳት?» አለን። ጊዜ አልነበረም። ሆዷ ተከፍቶ፣ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ግን ምርጫ ይኖራት ነበር።

ላፓሮስኮፒ ጥሩ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ቤት ያስገባል። የጥጉን፣ የኦቫሪውንና የጠባሳውን እንኳ ልምድ ያለው ስፔሻሊስት ሊሠራው ይችላል። ሳይፈነዳ ከተገኘ በመድኃኒት የሚታከምም አለ። በሀገራችን ግን በየሆስፒታሉ የለም። ስለዚህ ሪፈር ለመባልም፣ ገንዘብ ለማዘጋጀትም ጊዜ ያስፈልጋል።

ያንን ጊዜ የሚሰጣችሁ በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት አካባቢ የሚነሳ አልትራሳውንድ ነው። የሽንት ምርመራ ማርገዛችሁን እንጂ ፅንሱ የት እንዳለ አይነግራችሁም! በሲ-ሴክሽን የወለዳችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያጋጠማችሁ ደግሞ በፍፁም አትዘግዩ።

ወር አበባ ቀርቶ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የደም ጠብታ፣ ማዞር ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ካለ ግን ቀጥታ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል! ያኔ ላፓሮስኮፒ ፍለጋ ከተማ አትዙሩ። ጠባሳ ይደበዝዛል፤ ሕይወት ግን አይተካም።

ለእህቶቻችሁና ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ።