አፍ ያለው ወይስ ጤፍ ያለው?

የኢራናዊው አስጋር ፋርሃዲ ፊልም፣ «የናደር ከሲሚን መለያየት» (2011 እ.ኤ.አ.)፣ በበርሊን የወርቅ ድብን፣ በ2012 ደግሞ ለኢራን የመጀመሪያውን ኦስካር አግኝቷል። «ወሬ የበዛበት» የሚሉት ግን አሁንም አልጠፉም። ወሬው ቢወጣለት የሚቀረው ባዶ ቤት ነው።

ሚስቱ ሲሚን ጥላው የወጣችው የባንክ ሠራተኛ ናደር፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አባቱን የምትጠብቅ ሴት ይቀጥራል። የተቀጠረችው ራዚዬ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሩቅ ሰፈር ትንሽ ልጇን እየጎተተች ትመላለሳለች። ሽማግሌው ሽንታቸው ሲያመልጣቸው ልብሳቸውን ከመቀየሯ በፊት ስልክ ደውላ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ትጠይቃለች። ለአሠሪዋ የሥራ ጉዳይ የሆነው ለእሷ የነፍስ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ናደር ሲገባ አባቱን ከአልጋው ጋር ታስረው፣ ወለል ላይ ወድቀው ያገኛቸዋል። ራዚዬ ስትመለስ «ገንዘብም ጠፍቷል» ብሎ ከበር ገፍትሮ ያስወጣታል። ፅንሱ ይጨነግፋል፤ ነገሩ በነፍስ ማጥፋት ክስ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ጠፋ የተባለውን ገንዘብ ግን ፊልሙ ሲጀምር ሲሚን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ፒያኖ ተሸክመው ጭማሪ ለጠየቁት ሰዎች ከፍላበታለች። ትዕይንቱ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ያልነቃ ተመልካች ያልፈዋል። በሌብነት የተጠረጠረችው ደሃ ገንዘቡን አላየችውም፤ የሌሎች ደሆች የላብ ዋጋ ሆኗል።

ቀሪው ክርክር ነው። ናደር በመርማሪው ፊት ረጋ ብሎ፣ ቃሉን መርጦ ይናገራል፤ እርጉዝ መሆኗን አላወቅሁም ብሎ ሲዋሽ እንኳ ያምርበታል። ሥራ የፈታውና ዕዳ ያስጨነቀው የራዚዬ ባል ሆጃት ግን ይጮኻል፣ ይዝታል፤ ከሳሽ ሆኖ መጥቶ ሊታሰር ይደርሳል። «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ጤፍ ያለው?» የሚለው የድሮ ጥያቄ ሁለቱን ለሁለት ሰው ያካፍላል፤ በዚህ ፊልም ሁለቱም ያሉት ናደር ቤት ነው።

በመጨረሻ በሲሚን ሽምግልና የደም ካሳ ሊከፈል ይታሰባል። ናደር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ፅንሱ የሞተው በእሱ ግፍትሪያ መሆኑን ራዚዬ በቁርዓን ትማል። ከግፍትሪያው በፊት በነበረው ቀን፣ ከቤት የወጡትን ሽማግሌ ልትመልስ ስትሮጥ መኪና ገጭቷታል፤ ይህንንም ደብቃ ቆይታለች። መሐላው ሲመጣ ግን እምቢ አለች። አበዳሪዎቹ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ገንዘቡም ቀረ። ከፊልሙ አዋቂዎች ሁሉ ለቃሏ ከኪሷ የከፈለች እሷ ብቻ ናት።