«በ400 እጥፍ ታየ» ማለት አይበቃም፦ ስለ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና ስለ ኦብጀክቲቩ

በድኅረ ምረቃ የመመረቂያ ጽሑፎች የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ናሙናው በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ታይቷል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ያንኑ ምርመራ መድገም የሚፈልግ ሌላ ተመራማሪ ከዚህ የሚያገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በየትኛው ኦብጀክቲቭ? በየትኛው የማጣሪያ ስብስብ? ናሙናው በከቨር ስሊፕ ተሸፍኖ ወይስ ሳይሸፈን? ፎቶግራፉስ ስንት ሰከንድ ብርሃን ተቀብሎ ተነሣ? ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ ከተጠቀሱት ቁጥሮች ሁሉ ለፍሎረሰንስ ሥራ አነስተኛ ትርጉም ያለው ይኸው 400 የሚለው ነው፤ እኛ ግን የምንጽፈው እሱን ብቻ ነው።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ብርሃኑ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። በተለመደው ማይክሮስኮፕ ብርሃን ከታች ይነሣል፤ ኮንደንሰር ሰብስቦት ናሙናውን ያልፍና ወደ ኦብጀክቲቩ ይገባል። ከላይ በሚወርድ ብርሃን በሚሠራው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ግን መብራቱ ከበስተኋላ ይመጣል። በቅድሚያ የማነሣሻ ማጣሪያው የሚፈለገውን የሞገድ ርዝመት ብቻ ያስቀራል፤ ቀጥሎ በ45 ዲግሪ ያዘነበለው ዳይክሮይክ መስተዋት ያንን ብርሃን ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ብርሃኑም በራሱ በኦብጀክቲቩ በኩል ናሙናው ላይ ያርፋል። ናሙናው ውስጥ ያለው ቀለም ከተቀበለው ኃይል ጥቂቱን አባክኖ ቀሪውን ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት መልሶ ይለቅቃል፤ ሰማያዊ ተቀብሎ አረንጓዴ ይሰጣል። ይህ አዲስ ብርሃን በዚያው ኦብጀክቲቭ ተመልሶ ይወጣል፤ መስተዋቱም ረጅሙን ሞገድ ስለሚያሳልፍ ወደ ላይ ይዘልቃል፤ የማገጃው ማጣሪያ ተንጸባርቆ የመጣውን የማነሣሻ ብርሃን ትርፍራፊ ያስቀርና ቀሪው ለዓይን ወይም ለካሜራ ይደርሳል።

የሞገዱን መርዘም ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ሲያብራራ ከተጠቀመባቸው ፈሳሾች አንዱ የኪኒን ውሁድ ነበር፤ ዛሬ በአማርኛ ለማንኛውም እንክብል የምንሰጠው ስም የመጣበት ያ የወባ መድኃኒት ማለት ነው። ማጣሪያዎቹንና መስተዋቱን በአንድ ላይ ይዞ ከላይ የማብራቱን ዘዴ ለሰፊ አገልግሎት ያበቃው ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሆላንዳዊው ተመራማሪ ፕሎም ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኦብጀክቲቩ እዚህ ሁለት ሥራ አለው፤ አብሪም ተመልካችም ነው። ምስሉ ሲደበዝዝበት ከስሩ ያለውን ኮንደንሰር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። በዚህ ዓይነቱ ማይክሮስኮፕ የፍሎረሰንስ ብርሃን በዚያ ኮንደንሰር በኩል አያልፍም፤ ስለዚህ የፈለገውን ቢያዞረው ለውጥ አያገኝም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ያስተማረው ሰው የለም።

በኦብጀክቲቩ ጎን 40/0.65 ተብሎ ተቀርጾ ቢገኝ፣ 40 ማጉላቱ ሲሆን 0.65 ኒውመሪካል አፐርቸሩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ኤንኤ እንበለው። ኤንኤ ሌንሱ ከናሙናው የሚፈነጥቀውን ብርሃን ምን ያህል ሰፊ በሆነ ማዕዘን መቀበል እንደሚችል ይለካል። ብርሃኑ በዚያው ሌንስ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ፣ የምስሉ ድምቀት ከኤንኤ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ከማጉላቱ ሁለተኛ ርቢ ጋር ደግሞ ይቀንሳል። እስቲ እናስላው። በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ 40/0.65 ደረቅ ኦብጀክቲቭ፣ በሌላው ላይ 40/1.30 የኦይል ኦብጀክቲቭ ተገጥሟል እንበል። በሁለቱም የተሠራው ጥናት «በ400 እጥፍ ታየ» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ግን ሁለተኛው 16 ጊዜ የደመቀ ምስል ይሰጣል። በ520 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ለይቶ ማሳየት የሚችለው ትንሹ ርቀትም ከ0.49 ማይክሮሜትር ወደ 0.24 ይወርዳል። አንዱ ተማሪ «ምልክት አልታየም» ብሎ ሲደመድም ሌላው በዚያው ናሙና ላይ ምልክት ሊያይ ይችላል፤ የጽሑፎቹን የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ብቻ የሚያነብ ገምጋሚ ደግሞ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስሌቱ ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ይናገራል። ብዙዎቻችን ደካማ ምልክት ሲገጥመን ወደ 100 ኦብጀክቲቭ እንሸሻለን። ነገር ግን 100/1.30 ኦብጀክቲቭ ከ40/1.30 ይልቅ ከ6 ጊዜ በላይ የደበዘዘ ምስል ይሰጣል፤ ያንኑ ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ነው። 20/0.50 ኦብጀክቲቭም ከ40/0.65 በ1.4 እጥፍ ያህል ይደምቃል። ማጉላት መጨመር ብርሃን መጨመር አይደለም።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስል ወደ ሳንባ ነቀርሳ እንምጣ። የአክታ ስሚር በዚል ኒልሰን ዘዴ ተቀልሞ በ1000 እጥፍ ሲመረመር፣ በተለመደው የዓይን ሌንስ አንዱ የእይታ ክበብ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በኦራሚን ተቀልሞ በ20 ኦብጀክቲቭ ሲታይ ግን ክበቡ 1 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ በስፋት 25 እጥፍ መሆኑ ነው። ባሲሉ በጨለማ ሜዳ ላይ ቢጫ ሆኖ ስለሚያበራ በዚያ ማጉላትም ይለያል፤ አጠራጣሪው በ40 ይረጋገጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፖሊሲ በሜርኩሪ መብራት የሚሠራው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በኤልኢዲ እንዲተካ፣ ኤልኢዲውም ለዚል ኒልሰን አማራጭ ሆኖ ደረጃ በደረጃ እንዲገባ የመከረው፣ ኤልኢዲው ከዚል ኒልሰን የተሻለ የማግኘት ብቃት ስላለው፣ ጊዜ ስለሚቆጥብና ለአያያዝ ስለሚቀል ነው።

እዚህ ላይ ግን በኦብጀክቲቩ ጎን የተጻፈ አንድ ትንሽ ምልክት ይመጣል፤ ∞/0.17። ሁለተኛው ቁጥር ሌንሱ የተስተካከለው 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ከቨር ስሊፕ መሆኑን ያመለክታል። የኦራሚን ስሚር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሸፈን ነው የሚታየው። ኤንኤው ከ0.4 በታች ለሆነ ሌንስ ይህ እዚህ ግባ የሚባል ችግር አይደለም። ለ40/0.65 ወይም ለ40/0.75 ግን ብርሃኑ በአንድ ነጥብ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል፤ ጥርት ያለው ዘንግ በጭጋግ የተከበበ ነጥብ ይሆናል፤ ጥቂት ባሲል ባለበት ስሚር ላይ ደግሞ በነጥብና በዘንግ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ታካሚ ውጤት ላይ «አለ» እና «የለም» በመባል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያለ ሽፋን ለመሥራት የተዘጋጁ፣ ∞/0 ወይም ∞/– የሚል የተጻፈባቸው ኦብጀክቲቮች አሉ፤ ውፍረቱን የሚያስተካክል ቀለበት ያላቸውም አሉ። የግዥ መጠየቂያዎቻችን ግን «ኦብጀክቲቭ፣ 40 እጥፍ፣ ብዛት 1» ብለው ያልፋሉ። ከቨር ስሊፕም እንዲሁ ነው፤ ቁጥር 1 የሚባለው ከ0.13 እስከ 0.16 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለአብዛኛው ኦብጀክቲቭ የሚስማማው ቁጥር 1.5 ነው። የዋጋ ልዩነታቸው ለክርክር የሚበቃ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር የምንሠራ ሰዎች በአጉሊ መነጽር የሚታየው ነገር ምን ያህል በተመልካቹ ዝግጅት ላይ እንደሚወሰን ከሌላው በላይ ልናውቅ ይገባናል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው የካላ አዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። ያ ጉዳይ የፍሎረሰንስ አልነበረም። ነገር ግን ማንም ያልጠበቀውን በሽታ ለማየት መሣሪያ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ያሳያል።

ከሰው ጤና ውጪ ያለውም ሥራ ከዚህ አይርቅም። ጉና የድንችና የገብስ አገር ነው፤ የቅጠል በሽታ አምጪ ፈንገሶችን በፍሎረሰንስ ቀለም ለማየት የሚመጡ የዕፀዋት ሳይንስ ተማሪዎች እየበዙ ነው። ቅጠል ግን ሳይቀለምም ያበራል። ክሎሮፊል በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ደማቅ ቀይ ይሰጣል፤ በአልትራቫዮሌት ሲበራበት የእንጨታማው ሕዋስ ግድግዳ ሰማያዊ ይሆናል። ያልተቀለመ ናሙና ጎን ለጎን በዚያው ማጣሪያና በዚያው የፎቶግራፍ ጊዜ ካልታየ «ፈንገሱ ሥር ሰዷል» የተባለው የድንቹ የራሱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ያለ ንጽጽር ናሙና የቀረበ የፍሎረሰንስ ፎቶግራፍ በእኔ አስተያየት ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ፈታኞችም እንደዚያው ሊቆጥሩት ይገባል።

ስለ መብራቱም ጥቂት ልበል። የሜርኩሪ አምፑል ዕድሜው በአብዛኛው 200 ሰዓት ገደማ ነው። ከበራ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ማጥፋት፣ ከጠፋ በኋላም ሳይቀዘቅዝ መልሶ ማብራት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ኤሌክትሪክ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሚቋረጥበት ከተማ ይህንን ደንብ ማክበር ከሰው አቅም በላይ ነው። ኤልኢዲ ከ10,000 ሰዓት በላይ ያገለግላል፤ ሲበራም ሲጠፋም አይጎዳም። ስለዚህ በሜርኩሪ የሚሠራ መሣሪያ በልገሳ ሲቀርብልን ከምስጋናው በፊት የመለዋወጫ አምፑሉን ጉዳይ ብንጠይቅ ነውር የለውም። ክረምቱም የራሱ ጠላት አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም የጉና ጉም ወደ ክፍሉ ሲገባ ፈንገስ በሌንሱ ሽፋን ላይ ይበቅላል፤ አንዴ ሥር ከሰደደ ጠርጎ ማዳን ያስቸግራል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ዋጋው ከአንድ ኦብጀክቲቭ ጋር አይነጻጸርም።

ከሁሉ የማያንሰው ጥፋት ግን የሚፈጸመው በእጃችን ነው። በ100 ኦብጀክቲቭ ኦይል ጨምሮ ያየ ተማሪ ናሙናውን ሳይጠርግ ወደ 40 ይመልሳል፤ የ40ው ጫፍ ኦይሉ ውስጥ ይነከራል። ቀጣዩ ተጠቃሚ የደበዘዘ ምስል ሲያገኝ ቀለሙን ይወቅሳል፤ አዲስ ቀለም ይገዛል። ኦይሉ ራሱ የሚያበራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ እንደ ጥንቱ የሴዳር ዘይት፣ ጥቁሩ ሜዳ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ የጋዋን ጫፍ ይመጣል! ሌንስ በሌንስ ወረቀት እንጂ በጨርቅ አይጠረግም።

ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ አለ። ጂንኤክስፐርትን የመሰለ የሞለኪውል ምርመራ በመጣበት ዘመን በማይክሮስኮፕ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን? ለመጀመሪያ ምርመራ የሞለኪውሉ ዘዴ እንደሚበልጥ አልከራከርም። ነገር ግን የሞተ ባሲል ዲኤንኤንም ስለሚያገኝ፣ በሕክምና ላይ ያለ ሰው መሻሻሉን ለመከታተል ስሚር አሁንም ያስፈልጋል። የአፈርና የሰብል ጥናት ደግሞ ነገሩ የት ቦታ ላይ እንዳለ ካላየ ብዙ ጥያቄው አይመለስም። ሌላው ተቃውሞ «መሣሪያው አንድ፣ ተማሪው ብዙ» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከእሱ የምደርስበት መደምደሚያ ተቃራኒውን ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ቤት ነው ተጠቃሚዎቹን አስቀድሞ ማሰልጠን ያለበት።

እያንዳንዱ ንግግር ከጋፋት ሲጀምር እንደሚሰለች አውቃለሁ። ሆኖም ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የቀለጠበት ቦታ መኖሩ አንድ ነገር ያስታውሰኛል፤ በዚያ የተደከመው ለመድፉ ብቻ ሳይሆን ለምድጃውም ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናሙናውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ለግማሽ ቀን የተግባር ፈተና ይቀመጥ፤ ኦብጀክቲቩን አንብቦ ይንገረን፣ ማጣሪያውን ከቀለሙ ጋር ያዛምድ፣ ኦይሉን ጠርጎ ይመልስ። ለልምምድ ውድ ቀለም አያስፈልግም፤ በአልኮል የተነከረ እርድ በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ያበራል፣ የጎመን ቅጠል ጭማቂም ቀይ። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞችም «በ400 እጥፍ» የሚለውን ቆርጠው ይህንን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ይጠይቁ፦ «ስሚሮቹ በኦራሚን ተቀልመው፣ ሳይሸፈኑ፣ በሰማያዊ ኤልኢዲ ብርሃን፣ በ20/0.50 ኦብጀክቲቭ ታይተው በ40/0.65 ተረጋግጠዋል፤ ያልተቀለመ ንጽጽር ናሙና በዚያው ዕለት በተመሳሳይ ማጣሪያና የፎቶግራፍ ጊዜ ታይቷል።»