ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ቃል ይደመጥ!

ጦርነትን የሚያውቀው የተዋጋበት ነው። ስለ ጦርነት አብዝቶ የሚናገረው ግን ብዙውን ጊዜ ያልተዋጋበት ነው። ይህ ቅራኔ በቡና ላይ ጨዋታ የሚታለፍ ተራ ነገር ሳይሆን፣ የሕዝብን ንቃተ ኅሊና የሚነካ ዐቢይ ጉዳይ በመሆኑ የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በጥሞና ሊመረምሩት ይገባል።

ለአብነት ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ተራሮች መካከል የሚገኙትን የጫኖ ቀበሌዎች እንውሰድ። መሬቱ በሐሬ ወንዝ መስኖ የሚለማ የሙዝ መሬት ነው። ሙዙን ቆርጦ መኪና ላይ የሚጭነውና አገር በተጠራች ጊዜ ጠመንጃ የሚያነሣው ክንድ አንድና ያው ነው። በአገራችን ታሪክ ምሽግ ሲቆፍር የኖረው በአመዛኙ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ ነው። ስለዚህ የዘመናዊ ውጊያን ባሕርይ መረዳት ለጦር አዛዦች ብቻ የሚተው ሙያ አይደለም፤ ልጁን መርቆ የሚሸኘው ሰፊው ሕዝብም ሊያውቀው የሚገባ እውነት ነው።

አባቶቻችን ጀግንነትን የሚገልጹባቸው ፉከራና ሽለላ የተወለዱት ገዳይና ሟች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ዘመን ነው። ይህ ዘመን ማብቃቱን ኢትዮጵያዊው ተዋጊ በራሱ ሥጋ የተማረው በ1928 ዓ.ም. ነበር፤ የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡበት፣ ጎራዴውን መዝዞ የሚገጥመው ጠላት በአጠገቡ አላገኘም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም የመድፍ፣ የምሽግና የሌሊት ቅኝት ጦርነትን በባዕድ ተራራ ላይ አዩት።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ በተፋፋመ ጊዜ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር አጭር ሥልጠና ወስዶ ወደ ግንባር ተመመ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ተገኘ። በዚያ ጦርነት በኢትዮጵያ በኩል ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ ቢኤም 21 የተባለው ሮኬት ተኳሽ ነበር። ይህ መሣሪያ 40 ሮኬቶችን በ20 ሰከንድ ገደማ አከታትሎ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ይወነጭፋል። ተኳሹ የሚገድለውን አያይም፤ ሟቹም ገዳዩን አያይም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ከቆሰሉትና ከሞቱት ወታደሮች አብዛኞቹ የከባድ መሣሪያ ሰለባዎች መሆናቸውን ለሚያስታውስ፣ ይህ የዘመናዊ ውጊያ ዋና ጠባይ እንጂ እንግዳ ክስተት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ትውልዶችም ተመሳሳይ ትምህርት አግኝተዋል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ታወጀ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና የገቡበት የብላቴ ማሠልጠኛ ስሙን የወሰደው ጫኖን ወደሚያዋስነው ወደ አባያ ሐይቅ ከሚፈስሰው ወንዝ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመና በሌሎች ግንባሮች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በምሽግና በፈንጂ ወረዳ መካከል ወደቁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ፣ ወንድም ወንድሙን ከመግጠሙ መራራነት በላይ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን ከሰማይ የሚጠብቀውን የውጊያ ሜዳ አሳየን። በእንዲህ ያለው ሜዳ ለሻይ የተጫረ እሳት ጢስ እንኳ የሞት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከግንባር የተመለሱ ወጣቶች በደፈናው የሚነግሩን ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሚማሩት መተኮስን ሳይሆን መቆፈርን ነው። ከተኩሱ ይልቅ ተኩሱን መጠበቁ ይከብዳል። በጆሮ አጠገብ እያፏጨ ያለፈው ጥይት አልፏል፤ የሚያስፈራው ገና ያልተሰማው ነው። ውኃ ጥም ከረኃብ ይብሳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከጎን ተኝቶ የነበረው ጓድ ሲነጋ አለመነሣቱ ከዓመታት በኋላም ከዓይን አይጠፋም። ይህ የፈሪ ቃል አይደለም፤ ቦታውን ሳይለቅ የዋለ ሰው ምስክርነት ነው።

ችግሩ ይህ ምስክርነት ሰሚ ማጣቱ ነው። ወጣቱ ወደ መንደሩ ሲመለስ ሰው የሚጠይቀው ስንት ገደልህ ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው በአንዱ ዘንድ እንደ ኩራት፣ በሌላው ዘንድ እንደ ፍርሃት ይተረጎማል። ሌሊት መባነኑና በር ሲጋጭ መደንገጡ ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። የአካል ቁስል በፋሻ ይታሰራል፤ የኅሊና ቁስል ግን የሚታሰረው በሰው ጆሮና በሰው ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። በ1970ዎቹ እንዲህ ያሉ የጋዜጣ ገጾች ለድሉ ሰፊ ቦታ ሲሰጡ፣ በጒድጓድ ውስጥ ላደረው ወጣት ቃል ግን ጠባብ ቦታ ነበራቸው። እውነቱ ከተነገረ የሕዝቡ ወኔ ይቀዘቅዛል የሚል ሥጋት ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም። አገርን መጠበቅ ክቡር ግዴታ ነው። ክብሩ የሚጸናውም የሚጠብቀው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ሲሰለፍ፣ የሚልከውም ምን እንደሚከፈል አውቆ ሲልክ ነው። በፉከራ ብቻ የተሸኘ ወጣት በመጀመሪያው የመድፍ ፍንዳታ ግራ ይጋባል። የጦርነትን ዋጋ የሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ ሰላምን በርካሽ አይሸጥም፤ ለጦርነት ቀስቃሽም ጆሮውን በቀላሉ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወታደሮች ወደየቀያቸው ተመልሰዋል፤ ስንቶቹ በየመንገዱ እጃቸውን ለልመና እንደዘረጉ በዕድሜ የገፉ አንባብያን አይዘነጉትም። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። ሆኖም ኮሚሽን ገንዘብና ሥልጠና ቢሰጥ እንኳ ጎረቤት ሊሆን አይችልም። ጎረቤት ዕድሩ ነው፤ ማኅበሩ ነው፤ የሥራ ባልደረባው ነው። ዕድሮች የተመለሰውን ወጣት አስቀምጠው፣ ስንት ገደልህ ሳይሆን ምን አየህ ብለው ይጠይቁት፤ መናገር ካልፈለገም ዝምታውን ያክብሩለት። የመስኖና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሥራ ክፍፍል ያስቡት። ሠራተኞችም በየመሥሪያ ቤታቸው ቁስለኛውን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳቸው አይተው ቦታ ይልቀቁለት፤ ዕዳ ያለብን እኛ ነንና።

ለዚህ የሚሆን ጥበብ ከሩቅ አንሻም። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ቁጣውን ዋጥ አድርጎ ተመለሰ። ወጣት እንዳይገድል በጉልበታቸው የተንበረከኩ አባቶች ባሉበት ምድር፣ ከሞት መካከል ለተመለሰ ወጣት በዱቡሻው ላይ መቀመጫ ሊታጣ አይገባም።

የተመለሰውን እናዳምጥ! የወደቀውን እናስብ! ልጆቻችንን ስንሸኝ እውነቱን እንንገራቸው!