ሐርላ በስንት ቋንቋ ትነግድ ነበር?



«ኢንተርናሽናል» የሚለው ቃል ትምህርት ቤት በር ላይ ሲለጠፍ ወላጅ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። ቃሉ ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት፣ አማርኛ ያመለጠው ልጅ የሚገሠጽበት፣ የኦሮምኛና የሶማልኛማ ስማቸውም የማይነሳበት ግቢ ነው። ስለዚህ «ድሬዳዋ ጥሩ ባለ ብዙ ቋንቋ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል» ሲባል እኛም «አዎ» ከማለታችን በፊት፣ እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ሐርላ ዘወር ብለን እንይ እንላለን።

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። ገበሬዎቹ ሲያርሱ የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃ፣ አልፎ አልፎም የቻይና ሳንቲም ያገኙ ነበር። ትልልቆቹን የድንጋይ ፍርስራሾች የሚያዩ ሰዎች «እዚህ የኖሩት ግዙፎች ናቸው» ይሉ ነበር፤ ተራ ሰው ያንን ድንጋይ ማንሳት አይችልም ብለው። በኋላ በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቡድን ከአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ቆፈረ፤ ውጤቱም በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለዓለም ተሰማ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። የመቃብር ድንጋዮች፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ የከበረ ድንጋይ፣ የጌጥ መሥሪያ ቦታ ተገኘ። ዕቃዎቹ ከየመን፣ ከማልዲቭስ፣ ከማዳጋስካር፣ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ሳንቲሞቹ መካከል የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ገንዘብ አለ። የመስጊዱ አሠራርም በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ካሉት ጋር ተመሳሰለ። ግዙፎቹ ግን አልተገኙም። ከመቃብር የወጣው አጥንት እንደኛው ያለ ሰው አጥንት ነበር።

ዛጎል ከማልዲቭስ ተጭኖ ሐርላ እስኪደርስ ስንት ሰው እጅ ያልፋል? መርከበኛው፣ የወደብ ደላላው፣ ግመል ነጂው፣ ሚዛን ያዡ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ተግባብተዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ይህ ግምታችን ነው፤ የገበያ ጫጫታ ከአፈር ውስጥ ተቆፍሮ አይወጣም። ነገር ግን የአካባቢው የመቃብር ድንጋዮች በዐረብኛ ተጽፈዋል፤ የሐርላ ሰዎች ስምም ከዘመናት በኋላ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ውስጥ ይነሳል። እዚያ መንደር ዐረብኛ የሚጽፍ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ የጻፈ ሰው ካለ ደግሞ ያስተማረው ነበረ። ታፔላ አልነበረው ይሆናል እንጂ ድሬዎች የብዙ ቋንቋ ትምህርት ቤታችንን ዘግይተን የምንጀምር ሰዎች አይደለንም።

ዘመናዊው ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ዐረብኛ ከአማርኛና ከግእዝ ጋር ያስተምር ነበር፤ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዛሬም ያለው ሊሴ ገብረ ማርያም ፈረንሳይኛን ይዞ ቀጠለ። ወደ ድሬ ስንመጣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚራና መጋላ ደቻቱን ተሻግረው ሲነጋገሩ ኖሩ። ፈረንሳይኛ የባቡር ሠራተኛው ቋንቋ ሆነ። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም የየራሱን ቋንቋ ይዞ ገባ። ዛሬም ቀፊራ ገበያ ቆማችሁ ብታዳምጡ፣ አንዲት እናት ዋጋውን በሶማልኛ ጠይቃ በኦሮምኛ ተከራክራ በአማርኛ ስትከፍል ትሰማላችሁ። ማንም «መልቲሊንጓል» ብሎ ሰርተፊኬት አልሰጣትም።

ከነዚህ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ነገር ጎደለ ብለን እናምናለን። የሩቁን ቋንቋ ሲያከብሩ የቅርቡን ረሱ። ምኒልክ ትምህርት ቤት ጣልያንኛ የሚማር ልጅ ኦሮምኛን በክፍል ውስጥ አይማርም ነበር፤ በዚያ ዘመን ያንን መጠየቅም ለብዙዎች አይታሰብም። የሐረርጌው ዓሊም ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ግን ጠየቁ። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ለኦሮምኛ የራሱ ፊደል ቀርጸው ደረሶቻቸውን ማስተማር ጀመሩ፤ መንግሥት ከለከላቸው፣ በቁም እስርም ቆዩ። የሐረር ዑለሞችም ከዚያ በፊት ሐረርኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ይህን ከአንዳንድ ወንድሞች ጋር ስናነሳ «ዲን በዐረብኛ ነው፤ ሌላው ምን ያደርጋል?» የሚል መልስ ይመጣል። ዐረብኛውን ያውቁት የነበሩት እኮ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከኛ ይልቅ አብልጠው ያውቁት ነበር።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይማራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አንፈልግም። ሆኖም ሦስቱ ልጆች በሦስት ክፍል ተቀምጠው ነው የሚያድጉት። ከፍ ሲሉ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል፤ ከሐርላ የመጣው ልጅ በኦሮምኛ የለመደውን ሳይንስ እንደገና ከዜሮ የሚጀምር ያህል ይሰማዋል። ከዚያ ሁላችንም አንድ ግቢ ውስጥ እንገናኛለን፤ ካፌ ገብተን ጠረጴዛ ስንመርጥ ደግሞ እንደገና ሦስት ክፍል እንሆናለን።

አሁን የራሳችንን በር እናንኳኳ። ከመግሪብ በኋላ የምናደርገው ደርስ በአማርኛ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙው ሰው ይሰማዋል። ግን በየዓመቱ ከገጠር ኦሮሚያና ከሶማሌ ክልል የሚመጡ ፍሬሾች አሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከፊት ሶፍ ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ ናቸው። ከዚያ አናያቸውም። እኛም «ዱንያ ወሰደቻቸው» እንላለን። አንዱን ወንድም ለምን እንደቀረ ስንጠይቀው «ስትስቁ ሁሌ ዘግይቼ ነው የምስቀው» አለን። ይህን የነገረን በተሰባበረ አማርኛ ነበር፤ ለመናገር የፈጀበትን ጊዜ እያሰብን አፈርን።

መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ማዘዛቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከአላህ ታምራት እንደሚቆጥረውም እናውቃለን፤ በየመድረኩ እንቀራዋለን። ታዲያ ያ ታምር ደርሳችን ላይ ለምን ችግር ሆኖ ይታየናል?

የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ደርሱ አይከፈል። ለየቋንቋው የየራሱ ሐለቃ ይኑር የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ሥራውን እንደሚያቀል አይጠፋንም፤ ግን ካፌ ውስጥ ያለውን ጠረጴዛ መስጊድ ድረስ ይዘን መሄድ ይሆናል። ይልቅ አንድ ሐለቃ ይሁንና ኡስታዙ በየምዕራፉ ቆም ይበል፤ አንድ ተማሪ በኦሮምኛ፣ አንድ ተማሪ በሶማልኛ ያሳጥረው። በወር አንዴ ደግሞ ደርሱ ራሱ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይሰጥና አማርኛ ተናጋሪው ትርጉም ይጠብቅ። ዘግይቶ መሳቅ ምን እንደሚመስል እኛም እንቅመሰው። «ጊዜ ይበላል» ለሚሉን፣ አዎ ይበላል። አርባ ደቂቃው አንድ ሰዓት ይሆናል። ርእሱን ማሳጠር ይቻላል፤ አንዳንዱ ደርሳችን ቢያጥር የሚከፋውም ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛው ሐሳብ ስለ ሐርላ ልጆች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቶሪያል እንስጣቸው። የሒሳብና የሳይንስ ቃላቱን በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የምታስረዳ የኢንጂነሪንግ ተማሪ በመካከላችን አለች፤ አንድ ብቻም አይደለችም። በልዋጩ ልጆቹ ድንጋዮቹን ያሳዩን፤ አያቶቻቸው ስለ ግዙፎቹ የነገሯቸውን ያውሩን። ኦሮምኛ የማንችለው ደግሞ እዚያ እንጀምር። መንደሩ ድረስ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ግን ይቅርብን፤ ያንን ቱሪስትም ያደርገዋል።

ባለ ብዙ ቋንቋው ትምህርት ቤት በመንግሥትም ሆነ በባለሀብት ሲሠራ ደስ ይለናል። ሲሠራ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ይኖረናል፦ የሐርላው ልጅ ይገባበታል ወይ? ከገባስ ይዞት የመጣው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ወንበር ያገኛል ወይስ በር ላይ ይቀራል?

እስከዚያው የሚቀጥለው ሳምንት ደርስ ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ነው። የኦሮምኛ አሳጣሪ አግኝተናል። የሶማልኛ ገና ነው፤ የምትችሉ ለአሚሩ ንገሩት።