መብራቱ ሳይበራ የሚሞት ሞተር፦ ከውድድር መኪና ምን ይወሰድ?

ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣ የጭነት መኪና ረጅሙን አቀበት በዝቅተኛ ማርሽ ይጓዛል። አሽከርካሪው ስለ ሞተሩ የዘይት ግፊት የሚነግረው አንድ ቀይ መብራት ብቻ ከሆነ፣ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ሲወርድ ነው። በውድድር መኪና ባለሙያዎች ዘንድ ግን በደቂቃ ለ1,000 ዙር ወደ 0.7 ባር ግፊት ይጠበቃል። መለኪያው የልምድ ነው፤ የየሞተሩ ዳኛ የአምራቹ መመሪያ ነው። ሆኖም በ3,000 ዙር 2 ባር የሚያስፈልገው ሞተር ግፊቱ ወደ 0.8 ባር ቢወርድበት መብራቱ አይበራም፤ የክራንክሻፍቱ ማረፊያዎች ግን መበላት ይጀምራሉ።

ይህ ማለት የውድድር መኪና አሠራር ሁሉ ይቀዳ ማለት አይደለም። የውድድር መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ የጎን ግፊቱ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ከሆነ፣ በቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት ገጹ 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ ፓምፑም አየር ይስባል። ለብቻው የተቀመጠ የዘይት ታንክ ያስፈለገው ለዚህ ነው። 10 በመቶ ተዳፋት የሚያጋድለው ግን 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የአቀበቱ ጠላት ሙቀት ያቀጠነው፣ መጠኑም የጎደለ ዘይት ነው። ስለዚህ ታንኩ ይቅር፤ ጌጁ ይወሰድ።

የቧንቧው አገጣጠም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ግፊቱ መለካት ያለበት ከማጣሪያው በኋላ፣ በሞተሩ ዋና የዘይት መስመር ላይ ነው፤ ከማጣሪያው በፊት የተገጠመ ጌጅ የማጣሪያውን መደፈን ሊደብቅ ይችላልና። ከባድ መለኪያ በሞተሩ አካል ላይ ሲንጠለጠል ንዝረት መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል፤ ሞተሩን ሊጠብቅ የተገጠመውም ዘይቱን አፍስሶ ይገድለዋል። መፍትሔው መለኪያውን በመኪናው አካል ላይ አስሮ በተጣጣፊ ቱቦ ማገናኘት ነው።

ጉዳዩ በመንገድ አያበቃም። በመርሳና በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ለመስኖ ውኃ የሚስብ የናፍጣ ሞተር ለሰዓታት ያለ ተመልካች ሊሠራ ይችላል። ዘይት በፓምፕ ግፊት ለሚያገኝ ሞተር፣ ግፊቱ ሲወርድ ነዳጅ የሚዘጋ ቀላል ማቋረጫ ከማንኛውም መብራት ይበልጣል። መብራቱን የሚያይ ሰው በአጠገቡ የለምና።

ዘይትን በወቅቱ መቀየር ይበቃል የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ዘይት መቀየር ግድ ነው፤ ነገር ግን ያረጀ ፓምፕን ወይም የሰፋ ማረፊያን አይገልጥም። ሞተር በተጣበቀ ቁጥር ጥፋቱን በዘይቱ ጥራት ላይ መደምደምም ምርምር አይባልም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ አቀበት ግርጌ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግፊትን፣ የዘይት ሙቀትንና የሞተር ዙርን በአንድነት እየመዘገበ ወደ ድልብ ቢወጣ ግምቱን በልኬት ይተካል። ሞተሩ የቤተሰብ መተዳደሪያ ለሆነበት ሰው፣ የአንድ ጌጅ ወጪ ከአንድ ክራንክሻፍት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።