የልጅ ልጅ ስለሚያሳድጉ አያቶች

በሰንበት ቅዳሴ ጊዜ በሴቶች መቆሚያ በኩል ያለውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው እጃቸው የሕፃን እጅ ይዘው የቆሙ ባልቴቶችን ሳያይ አይቀርም። ሕፃኑን ሊያቈርቡ ያመጡት እነርሱ ናቸው። እናቲቱ ወይ ሞታለች፣ ወይ ታማለች፣ ወይ በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስለ እነዚህ አያቶች በዚህ ወር ዓምዳችን ጥቂት ልንናገር አስበናል።

ነገሩ በራሱ አዲስ አይደለም። አስቴርን ያሳደጋት መርዶክዮስ አባቷ አልነበረም፤ አባትና እናት የሞቱባት የአጎቱ ልጅ ነበረች። ጢሞቴዎስም ሃይማኖትን የወረሰው ከእናቱ ከኤውንቄ ብቻ ሳይሆን ከአያቱ ከሎይድ ጭምር መሆኑን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል። ታላቁ ባስልዮስ ደግሞ የሃይማኖትን ትምህርት በልጅነቱ ከሴት አያቱ ከመክሪና መቀበሉን በደብዳቤው ገልጾአል። በአገራችንም በብዙ ቦታ ጡት የጣለ ልጅ ወደ አያቱ ቤት መሄዱ የተለመደ ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የቀድሞዪቱ አያት ልጁን ስትቀበል ላም፣ ጓሮና በአቅራቢያዋ የሚኖሩ ጎልማሶች ልጆች ነበሩአት። ለዛሬዪቱ የከተማ አያት ግን የቀራት አንድ ክፍል ቤትና የደከመ ጉልበት ነው።

የኤድስ በሽታ ብዙ ወጣት ወላጆችን በገደለበት ዘመን የሕፃናቱ ሸክም የወደቀው በአብዛኛው በአያቶችና በአክስቶች ላይ ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህ ሞቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ነገር ግን ሌላ ምክንያት መጣ፤ እናቶች ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኩዌት ለሥራ ሄዱ፣ ልጆቻቸውም በአያት እጅ ቀሩ። በ2010 ዓ.ም. ልጅን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለ ቀረ፣ ወላጅ ላጣ ልጅ የዘመድ ቤት ዋነኛው መጠጊያ መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኖአል።

ከምናውቃቸው አያቶች አንዲቱ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚኖሩ ናቸው። ልጃቸው ወደ ቤሩት ስትሄድ የሁለት ዓመት ሕፃን ጥላላቸው ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ሆነ፤ ከዚያም ለፋሲካና ለእንቍጣጣሽ ብቻ ሆነ። ልጂቱ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባለች። አያቲቱም ለዚሁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። «እናቷን ያምጡ» አሉአቸው። «እናቷ ቤሩት ናት» ቢሉ፣ «እንግዲያው የሞግዚትነት ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። እርሳቸውም ተቈጥተው፣ «እኔ ሞግዚት አይደለሁም፤ አያቷ ነኝ!» ብለው ተመለሱ።

በእርሳቸው አልፈረድንም። በቤታችን ቋንቋ ሞግዚት ማለት በደመወዝ ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት፤ በሕግ ቋንቋ ግን ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካሉንና ደኅንነቱን የሚጠብቅለትን «አሳዳሪ»፣ ንብረቱንና የገንዘብ ጥቅሙን የሚጠብቅለትን ደግሞ «ሞግዚት» ይላቸዋል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ወላጆች ሁለቱም ሞተው በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከሌለ፣ ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠራው አያቶችን ነው፤ እነርሱ ከሌሉ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችንና እኅቶችን፣ እነርሱም ከሌሉ አጎቶችንና አክስቶችን ይጠራል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ በየክልሉ መጠየቅ ያሻል። ማስረጃው የሚገኘው ከፍርድ ቤት ነው፤ ምስክሮችና የሞት ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይገባል። ብዙ አያቶች ይህን ወረቀት የሚያስቡት ልጁ ሲታመም፣ ወይም የሟች ወላጁ ቤት በዘመድ ሲያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይዘገያል። ሟቹ ወላጅ ጡረታ የሚገባው ሠራተኛ የነበረ እንደ ሆነ ልጁ የተተኪ ጡረታ ስለሚያገኝ፣ ይህንም ለማስከበር ያው ማስረጃ ይጠየቃል።

እናቲቱ በሕይወት ኖራ በውጭ አገር ያለች ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ለእናቷ የውክልና ሥልጣን ብትሰጥና ሰነዱ እዚህ ተረጋግጦ ቢመዘገብ፣ አያቲቱ በትምህርት ቤትም በሐኪም ቤትም ባለ ጉዳይ ይሆናሉ። ስለዚህ ልጇን ለእናቷ ትታ ለምትሄድ ወጣት የምንለው፣ ከሻንጣዋ አስቀድማ ይህን ወረቀት ታሰናዳ ነው። ስለ ልደት ምዝገባ ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣውና ሥራው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ፣ ወላጆች በሌሉ ጊዜ አሳዳሪው፣ አሳዳሪም ከሌለ ልጁን የሚንከባከበው ሰው ልደቱን እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። እነዚያ እናት ይህን ቢያውቁ ኖሮ ያን ያህል ባልተመላለሱ ነበር፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠውም ሰው ቢያውቅ በወደድን።

ስለ ችግር ማቃለያም ጥቂት እንበል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በከተሞች በተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ፣ ሥራ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን ሳይሠሩ የሚያገኙት «ቀጥተኛ ድጋፍ» የሚባል ክፍል አለ። ፕሮግራሙ ሁሉንም ከተማ አይሸፍንም፣ መልማዩም ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም የማያውቀውን ቤት አይመለምልም። ስለዚህ አያቶች በምልመላው ጊዜ በራሳቸው አንደበት «ሦስት ሕፃናት አሉብኝ» ብለው ቢናገሩ ነውር አይደለም። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ለመዋጮ ዐቅም የሌለው ቤተሰብ መሆኑ ሲረጋገጥ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንለታል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘው የተማሪዎች ምገባም ለብዙ አያቶች ትልቅ ዕረፍት ሆኖአል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መክረር እንፈልጋለን። አያቲቱ የዕድር አባል ናቸው። በየወሩ ሳያጓድሉ የሚከፍሉት ለቀብራቸው ነው። ሲሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል። በሕይወት ሳሉ ግን ለልጅ ልጃቸው ጫማ የሚገዛላቸው የለም። በኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም። ልጅ የሚያሳድጉትን አረጋውያን ከወርኃዊ መዋጮ ነፃ ማድረግ ብቻ እንኳ ለዕድሩ ሣጥን ብዙ አይጎድልበትም። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞችም፣ ጠላውንና ዳቦውን ካቀረቡ በኋላ፣ ከመካከላቸው የልጅ ልጅ የሚያሳድግ ማን እንደ ሆነ አንድ ቀን ተጠያይቀው ያውቃሉን? የክርስትና አባትና እናት የሆንንስ፣ ክርስትናው በተነሣበት ዕለት ካለበስነው ልብስ ሌላ ምን አደረግን? ይህን ስንጽፍ የራሳችን የክርስትና ልጆች ትዝ እያሉን ነው።

አስተዳደጉን በተመለከተ፣ «አያት ያሳደገው» የሚለው ቃል በሕዝብ ዘንድ እንደ ስድብ ሲነገር እንሰማለን። አያት ያቀማጥላል ይባላል። እኛ ግን ያየነው ትልቁ ስሕተት መቀማጠሉ አይደለም። አንዳንዶች የሞተችውን እናት «ውጭ አገር ናት፣ ትመጣለች» እያሉ ልጁን ለዓመታት በር በር ያሳዩታል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ያቋረጠችውን እናት በልጇ ፊት ይረግሟታል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳል። ለሞተችው እናት ተዝካሯንና ሙት ዓመቷን ከልጁ ጋር ማሰብ፣ ስሟን በጸሎት እንዲያነሣ ማድረግ እውነቱን በዕድሜው ልክ እንዲሸከመው ይረዳዋል። በሕይወት ያለችውን በተመለከተም፣ አያቲቱ ቢያዝኑባት ኀዘናቸውን ለንስሓ አባታቸው ይንገሩ እንጂ ለልጁ አይንገሩ።

ቀደም ብለን ያነሣናቸው እናት ይህን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። ልጂቱ እርሳቸውን «እማዬ» እናቷን ግን በስሟ ትጠራ ስለ ነበር፣ በስልክ በተነጋገሩ ቍጥር «እናትሽ ናት፤ እማ በያት» እያሉ ከጎን ይጎሽሟት ነበር። ውክልናው ከቤሩት መጣ፤ የልደቱም ወረቀት ተገኘ። በዚያው እሑድ ማታ ልጂቱ ወረቀቱን በስልኩ መስታወት ፊት ይዛ ለእናቷ አሳየቻት፤ እናቲቱም ከወዲያ ሆና ስሟ የተጻፈበትን መስመር ደጋግማ አስነበበቻት። ስልኩ ሲዘጋ አያቲቱ ወረቀቱን ተቀብለው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉትና ከዕድር ደብተራቸው ጋር በሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት። ቍልፉንም፣ እስከዚያ ቀን ለማንም ሰጥተው የማያውቁትን፣ ለልጂቱ አንገት አሰሩላት።